ከገፈርሳ ማዶ የቆመው

ታኅሣሥ 2008 ነበር። በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰበብ የቡራዩ መንገድ አንድ ቀን ይዘጋል፣ አንድ ቀን ይከፈታል። የባዮሎጂ አስተማሪዋ ሰብለወርቅ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ቤት መዋሉ ሲሰለቻት ባሏን ኤርምያስን፣ "ገፈርሳ ሐይቅ ሄደን ዝይዎቹን እያየን እንደር" አለችው።

ድንኳኑን ሲተክሉ ነፋሱ ሸራውን ደጋግሞ ከእጃቸው ነጠቃቸው። አዴ ገለቴ የሚባሉ የዚያው አገር ሴት ከብቶቻቸውን እየነዱ መጥተው ቆም አሉ።

"አካም ጅርቱ? ደህና ናችሁ? እዚህ ልታድሩ ነው?"

"አዎ አዴ፣ ወፍ ልናይ ነው" አለች ሰብለወርቅ።

"ወፉማ ሰሞኑን አልሰፈረም" አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እውነታቸውን ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዝይዎቹ መጡ፤ ከማዶ ካለው ረጅም ቄጠማ በላይ ሲደርሱ ግን ባንዴ ተበትነው ይመለሳሉ። ድምፅ እንኳ አያሰሙም። ሰብለወርቅ በአቅርቦ ማሳያ መነጽሯ ቄጠማውን ቃኘችው። ነፋሱ ሁሉንም ወደ አንድ ጎን አጋድሞታል። መሃሉ ላይ የማይጋደም ነገር ቆሟል።

"ኤርሚ፣ ሰው ነው። እኛን እያየ ነው።"

ኤርምያስ መነጽሩን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየ። "ጉቶ ነው" አላት።

መልሳ ስታይ ጉቶም ሰውም የለም።

ሸራው ሲርገበገብ አደረ። ከድንኳኑ ጀርባ የታፈነ ሳል የሰማች መሰላት። ኤርምያስ እጇን ጨበጣት፤ እሱም ሰምቷል ማለት ነው። ሊወጡ አልደፈሩም።

ሲነጋ ነፋሱ ጸጥ አለ። ወደ ማዶ ዞረው ሲሄዱ አዴ ገለቴን እዚያ አገኟቸው። ጭቃው ላይ ጥንዳቸው የሌለ ጫማዎች ተበታትነዋል።

"ከከተማ የሸሹ ልጆች እዚህ ተደብቀው ነበር" አሉ አዴ ገለቴ። "ከትናንት ወዲያ መኪና መጥቶ ወሰዳቸው። ሁሉንም መስሎኝ ነበር..."

ንግግራቸው ሳያልቅ ቄጠማው ውስጥ የወደቀ ስልክ ጮኸ። ሰብለወርቅ አንስታ ሰጠቻቸው። በኦሮምኛ ሲያወሩ ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ።

"ያመለጠ የአንድ ልጅ እናት ናት። ትናንት ማታ ደውሎ፣ 'ከማዶ ድንኳን የተከሉ ሰዎች አሉ፤ በርዶኛል፣ ልጠጋቸው?' ብሏታል። 'አታውቃቸውም፣ እንዳትሄድ' አለችው።"

ከቄጠማው የወጣውን የባዶ እግር ዱካ ተከተሉት፤ ሐይቁን ዞሮ ድንኳናቸው ጀርባ አደረሳቸው። ነፋስ በማያገኘው በኩል ሣሩ የሰው ቁመት ያህል ተጋድሟል። ከዚያ ዱካው ወደ ባሕር ዛፉ ይወጣል።

"ደውሉላትና በሕይወት አለ በሏት" አለች ሰብለወርቅ።

ድንኳኑን አልነቀሉትም። የኤርምያስን ጃኬትና የተረፋቸውን ዳቦ ውስጡ ትተው በእግራቸው ወደ ቡራዩ ተመለሱ።

መንገዱ ሲከፈት ተመልሰው መጡ። ድንኳኑ በወግ ታጥፎ ድንጋይ ተጭኖበታል፤ ጃኬቱም ዳቦውም የለም። አዴ ገለቴ ማን እንዳጠፈው አላዩም። ሰብለወርቅ ከልጁ ስልክ በመዘገበችው ቁጥር ለእናትየው ልትነግራት ደወለች። ስልኩ እስኪቋረጥ ጠራ፤ ያነሳው አልነበረም።