ሕፃኑን ማን ይያዝ

ኅዳር አሥራ አንድ፣ በሚካኤል ዋዜማ ከቀትር በኋላ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ በዛች ወለደች። አጠገቧ አዋላጇ ሲስተር ዘሊካና እሷ የምታስተምረው፣ ለተግባር ልምምድ የመጣው የነርስ ተማሪ ዓባይነህ ነበሩ። በሩ ላይ አማቷ እቴቴ፣ ከደጅ ባሏ ዲያቆን ደሳለው ቆመዋል።

ሕፃኑ አልቅሷል፤ ግን ያለ ቀኑ የመጣ፣ ሁለት ኪሎ እንኳ ያልሞላ ነበር። መብራት ከጠዋት ጀምሮ በመጥፋቱ ማሞቂያው አይሠራም። የበዛች ደምም አልቆም ብሏል። ዘሊካ ሆዷን በእጇ እያሸች፣ ቀና ሳትል ለዓባይነህ ተናገረች።

«የኔ እጅ ከዚህ አይነሳም። የጠራነው አምቡላንስ እስኪደርስ ሕፃኑ ያንተ ነው። ምን ታደርጋለህ?»

«ራቁቱን ሰው ደረት ላይ አስተኛዋለሁ።» በአሻንጉሊት ደጋግሞ ሠርቶታል። አሻንጉሊት ግን አይበርደውም።

«የማን ደረት?»

በዛች ራሷ ትንቀጠቀጣለች። እቴቴን ክፉ ጉንፋን ይዟቸዋል። ዓባይነህ ሰው ፊት መናገር የሚያስጨንቀው ልጅ ነው፤ ቢሆንም ሕፃኑን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ በሩ ሄደ።

«ዲያቆን፣ ይግቡ። ሸሚዝዎን ያውልቁና ልጅዎን ደረትዎ ላይ ይያዙት።»

ደሳለው ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ነገ ቀዳሽ ነኝ። ማዋለጃ ቤት የገባ እንዴት መቅደስ ይገባል?»

«ኧረ ጉድ!» አሉ እቴቴ እየሳሉ። «ወንድ ልጅ ጨቅላ ታቅፎ! በል ጡትም አውጣና አጥባው! አንተ ተማሪ፣ ይልቅ ሙቅ ውሃ አምጣና ልጠበው፤ ቅቤም ላስቀምሰው።»

«አይታጠብም፤ ቅቤም አይቀምስም እቴቴ።» የገዛ ድምፁ ዓባይነህን አስደነገጠው። የሕፃኑን እግር ዳሰሰ፤ ቀዝቅዟል።

«ጋቢዬን ውሰድና ጠቅልለው» አለ ደሳለው።

«ጋቢ ያለውን ሙቀት ይይዛል እንጂ ከየት ያመጣል? ይኼ ልጅ ደግሞ የራሱ ሙቀት የለውም።»

ደሳለው ከደጅ ንቅንቅ አላለም።

ዓባይነህ ሕፃኑን በአንድ ክንዱ እንዳቀፈ፣ በሌላ እጁ የጋውኑን ቁልፍ መፍታት ጀመረ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች ዘሊካ።

«እኔ እይዘዋለሁ።»

«አንተ ለእኔ ታስፈልገኛለህ! የበዛች ግሉኮስ ሊያልቅ ነው!»

«ገብቶኛል ሲስተር። ግን የትም አላስቀምጠውም።» ጋውኑን ጨርሶ ወደ ሸሚዙ ቁልፍ ተሻገረ።

«ተው» አለ ደሳለው። ጋቢውን ለእናቱ ወርወር አደረገ። «ቁልፍህን ዝጋ። ልጁ የኔ ነው።»

ገብቶ ሸሚዙን አወለቀና በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ዓባይነህ ሕፃኑን ኮፍያ አጥልቆለት፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአባቱ ደረት ላይ ለጠፈው።

«እንዴት ይቀዘቅዛል!» አለ ደሳለው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«እንደዚያው ይያዙት። አያንሱት።» ወደ ግሉኮሱ ሮጠ።

«አየ የኛ ቀዳሽ!» አሉ እቴቴ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው እየሳሉ። ከዚያ ጋቢውን አምጥተው አባትና ልጁ ላይ ጠመጠሙላቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደሙ ቆመ» አለች ዘሊካ።

አምቡላንሱ ጀምበር ሳትጠልቅ ደረሰ። ደሳለው ሕፃኑን ከደረቱ ሳያነሳ፣ ከበዛች ጋር መካነ ሰላም ሆስፒታል ገባ። በማግሥቱ፣ በሚካኤል ንግሥ፣ በእሱ ቦታ ሌላ ዲያቆን ቀደሰ።