ፈገግታ፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

የሙሽራው ቤተሰብ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈገግ እንደሚል ለሚመለከታቸው ሁሉ አስቀድሞ ተነገረ። ያስነገሩት የሙሽራው አጎት ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ስለ ጥርስ ንጽሕና ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ማስተማር ያላቆሙ ሰው ስለሆኑ፣ ፎቶ መነሣትን እንኳ ያለ መመሪያ አያልፉትም። መመሪያው ሦስት ነገር ነበር፤ ሁሉም ጠዋት ጥርሱን ይቦርሽ፣ ሁሉም በሰዓቱ ይገኝ፣ ጥርስ ይታይ። ፎቶው ለሠርጉ መጥሪያ ካርድ ነው።

የሙሽሪት አባት ይህን ከሴት ልጁ አፍ ሲሰማ ጀሶ እያቦካ ነበር። ሥራው ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪም አይደለም። ሐኪሙ ከፊት ለፊት ነጭ ጋውን ለብሶ ይነቅላል፤ እሱ ከጓሮ ባለችው ክፍል የተነቀለውን ይተካል።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ» አለችው። «ካርዱ ላይ ከስምህ በፊት ‹ዶክተር› ይግባ ብለዋል አጎቱ።»

«የምን ዶክተር?»

«የጥርስ ነዋ። ደግሞ እዚያ ቤት ስለ ሥራህ ምንም እንዳታነሣ። ዘራቸው ጥርሰ ጠንካራ ነው፤ የሰው ሠራሽ ጥርስ ወሬ አይወዱም አሉ።»

«እነማን አሉ?»

«አጎቱም፣ እናቱም፣ አክስቱም። ሦስቱም ለየብቻ ጠርተው ነው የነገሩኝ።»

«እምቢ ብልስ?»

«እናቱ ገና ካሁኑ ‹የጥርስ ለቃሚ ልጅ› ይሉኛል። አጎቱ ካኮረፉ ደግሞ እሱ ከአጎቱ ቃል አይወጣም። ታውቀው የለ?»

ያውቀዋል። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፤ የጀርባ አጥንቱ ብቻ ገና አልጠነከረም። ጥርስ ሠሪው እጁን ታጠበ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ልጁን እምቢ ብሏት አያውቅም።

«እሺ» አለ። «ለአንድ ቀን ዶክተር ብሆን የሚሞትብኝ ሰው የለም።»

ቅዳሜ ያንኑ አንድ ኮቱን ለብሶ ሄደ። ሌላው ሰው ደረት ኪሱ ውስጥ እስክሪብቶ እንደሚሰካ፣ የእሱ ኮት ኪስ ትንሽዬ ሞረድ አያጣም። ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ ሶፋው ከተገዛበት ላስቲክ አልወጣም፤ ግድግዳው በአጎትየው የምስክር ወረቀት ተሸፍኗል። ቀና ሲል፣ እንደ ልማዱ፣ ዓይኑ ፊት ላይ ሳይሆን አፍ ላይ አረፈ።

የእጁን ሥራ በጨለማ ቢዳስሰውም ያውቀዋል። አጎትየው ቁጥር ሠላሳ አንድ ናቸው፤ የላይኛው ሙሉ። ከሦስት ዓመት በፊት ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው በጓሮ በር ገቡና «ለአንድ ወዳጄ ነው» ካሉ በኋላ የገዛ አፋቸውን ከፈቱ። የሙሽራው እናት ቁጥር አርባ አራት፣ ላይና ታች፤ ጥቁር መነጽራቸውን ሳያወልቁ ነበር የተለኩት። አክስትየዋ፣ ጡረታ የወጡት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ቁጥር ኀምሳ ሁለት፣ የፊት ስድስቱ። ሦስቱም «ስሜን አልናገርም» ስላሉ ነው ቁጥር የሰጣቸው። ሦስቱም ሲወጡ ያሉት አንድ ነው፤ «ቤተሰቤ እንዳይሰማ!»

«እንተዋወቅ» አሉ አጎትየው እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ሰቅለው።

«ደስ ብሎኛል» አለ ቁጥር ሠላሳ አንድን እየጨበጠ።

እናትየው ነጠላቸውን ማስተካከል ያዙ። አክስትየዋ ሰዓታቸውን አዩ። ጥግ ላይ የሦስቱ እናት፣ ዘጠና ዓመት የደፈኑት እማማ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አፋቸው ውስጥ አንዲት ጥርስ ብቻ ቀርታለች። ጥርሰ ጠንካራው ዘር የወጣው ከዚያ አፍ መሆኑን እዚያ ቤት ያሰበበት ሰው ያለ አይመስልም።

አጎትየው ቆመው ጀመሩ። «ፈገግታ መድኃኒት ነው። ጭንቀት ያቀላል፣ የደም ግፊት ያበርዳል፣ ሰው ከሰው ያቀራርባል። ግን ፈገግታ ጥርስ ይፈልጋል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ ብሩሽ፤ ስኳር መቀነስ፤ በየስድስት ወሩ መታየት። እኔ ይኸው በስልሳ ስምንት ዓመቴ!» ብለው የፊት ጥርሳቸውን በጥፍራቸው ኳ ኳ አደረጉ።

ጥርስ ሠሪው ድምፁን አዳመጠ። ጥሩ ዕቃ ነው።

«ዶክተርስ ምን ይላሉ?» አሉ አክስትየዋ።

«የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው» አለ። «ያደረገው ሰው ይጠቀምበታል።»

ሙሽራው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ የሰሊጥ ብስኩት መጣ፤ ድንጋይ የመሰለ። «እዚህ ቤት ለስላሳ ነገር አይቀርብም» አሉ አጎትየው፤ አንዱን አንሥተው ገመጡ። እናትየው ከወንድማቸው ሊያንሱ ነው? ገመጡ። አክስትየዋም ዓይናቸውን ጨፍነው ገመጡ። ክፍሉ ጠጠር የሚፈጭበት ወፍጮ ቤት መሰለ።

«እኔስ ጥርስ የለኝ» አሉ እማማ ጮክ ብለው፣ ብስኩታቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ። ሦስቱም ልጆቻቸው ስድብ እንደሰማ ሰው አቀረቀሩ።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፎቶ አንሺው አሰለፋቸው። እማማን አጎትየው «አይድከሙ፣ እዚያው አረፍ ይበሉ» ብለው ከሰልፉ አስወጧቸው።

«በሉ፣ ፈገግ!»

ማንም ፈገግ አላለም።

«ጥርስ ይታይ ብላችሁኝ አልነበር?»

ሦስት ከንፈር ተገጥሞ ቀረ። ጥርስ ሠሪው የሆነው ገብቶታል። ሰሊጥ ከሰው ሠራሽ ጥርስ ሥር ከገባ፣ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ነው። ጠርዙ ድድ ከቆረጠ ደግሞ አውጥቶ ማጠብ ብቻውን አይበቃም፤ መሞረድ አለበት። «እጄን ልታጠብ» ብሎ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ከቧንቧው አጠገብ ሳይደርስ እናትየው ተከትለውት መጡ፤ አፋቸውን በነጠላ ይዘዋል።

«በሞቴ፣ ያቺን ነገር ይዘዋል?»

ሞረዷን ከኪሱ አወጣ። እናትየው ጥርሳቸውን መዳፉ ላይ አስቀመጡ፤ ፊታቸው ወዲያው ሃያ ዓመት አረጀ። አጠበና ጠርዙን መሞረድ ጀመረ። ያኔ አክስትየዋ መሐረብ ጨብጠው ከተፍ አሉ። እህትማማቾቹ ተያዩ። ወዲያው አጎትየው ከኋላ ደረሱ፤ እሳቸውም መሐረብ ይዘዋል፣ መሐረቡም ባዶ አይደለም።

«የእኔ አስቸኳይ ነው» አሉ በድዳቸው።

«ተራዎን ይጠብቁ!» አሉ አክስትየዋ እንደ ድሮ ዳይሬክተርነታቸው። «እኔ ነኝ የቀደምኩት።»

ሙሽሪት ከፎቶ አንሺው ተልካ መጥታ ኮሪደሩ አፍ ላይ ደርቃ ቀረች። ከኋላዋ እማማ በከዘራቸው ተንጠራርተው አዩ። አንዷን ጥርሳቸውን ሳይሸፍኑ ሳቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«አባዬ» አለች ልጅቷ። «ፎቶ አንሺው ስንት ደቂቃ ትቆያላችሁ ይላል።»

ጥርስ ሠሪው የሞረዷን ብናኝ እፍ አለ።

«ለሰው አሥር አሥር ደቂቃ በይው» አላት። «ሦስት ናቸው።»