ከመፈረሜ በፊት

...ለማን ብለሽ ነው ማለቱ ነው እንግዲህ፣ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው፣ ጉንጩ የወደቀበት ሰው ለማን ብለህ ታነሣዋለህ ይባላል እንዴ፣ ያን ዕለት የጎንደር ሆስፒታሉ ፈረንጅ ሐኪም በራሱ ቋንቋ አጉተመተመና ሲስተር ሥራዬ ወደ አማርኛ መለሰችልኝ፣ እናቴ፣ ፊትዎን የሚያሠሩት ለማን ብለው እንደሆነ ይጠይቃል፣ ለራሴ ነው አልኩ፣ ለራሴ በይ፣ እንደሱ ሲባል ነው ደስ የሚላቸው ብሎ የመከረኝ የጤና ጣቢያችን ድሬሰር ደምለው ነው። እኔ ደግሞ እዚያው ጽዳት ሠራተኛ ነኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት ወለላቸውን ስወለውል ሐኪም ምን ሲሉት ደስ እንደሚለው ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ብቻ አልኩት። ለራሴ ነው።

አውቶቡሱ ከደባርቅ ከወጣ ግማሽ ሰዓት ቢሆነው ነው፣ መስኮቱ ጭጋግ ለብሷል፣ በመዳፌ ስጠርገው ፊቴ ብቅ ይላል፣ ቀኝ ጉንጬ እንደ ጨዋ ቁጭ ብሏል፣ ግራው ጉድጓድ በተገኘ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ ከአፌ ጥግ ተንጠልጥሎ፣ ለብቻው ቲኬት የቆረጠ ይመስል። ሁለት ዓመት ሆነው። አንድ ማለዳ አፌን ልጉመጥመጥ ብል ውሃው በግራ በኩል ፈሰሰ፣ ያ ነው፣ ምች ነው አሉ፣ ጸበል ሁለት ሱባዔ ገባሁ፣ ደምለው ነርቭ ነው አለና ቫይታሚን ወጋኝ፣ ዓይኔ በኋላ መከደን ጀመረ፣ ተመስገን፣ ጉንጩ ግን ወርዶ ቀረ። መልከኛ ነበርኩ፣ ልዋሽ እንዴ፣ ባሌ ክንዴ በሕይወት ሳለ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ ጓደኞቹ ሁሉ ውሃ ስጡን እያሉ እኛ ደጅ ነበር የሚያቆሙት፣ ውሃው ሰበብ ነበር፣ ክንዴም ያውቃል፣ ይስቃል። አሁን ባለሱቁ ጨው ሲመዝንልኝ እንኳ ዓይኑን ከሚዛኑ አያነሣም። ያዝንልኛል መሰለኝ፣ ሰው ሲያዝንልኝ ደግሞ ያናድደኛል።

ሐኪሙ ከልቡ ነው የነገረኝ፣ እሱን አልወቅሰውም፣ አነሣዋለሁ እንጂ አላንቀሳቅሰውም አለ፣ ሲስቁ የሚስቀው ቀኙ ብቻ ነው፣ ይሄን ሳያውቁ እንዳይፈርሙ፣ እሺ፣ ከጆሮዎ ፊት ለፊት ሽቅብ እስከ ጆሮ ግንድዎ እቆርጣለሁ፣ ቆዳውን ስቤ ትርፉን ቆርጬ እሰፋለሁ፣ እሺ፣ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ በመጀመሪያው ሳምንት መስተዋት አይጠይቁ፣ ደም ሊቋጥር ይችላል፣ ሊመግል ይችላል፣ ጆሮዎ አካባቢ ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ መልሶ ይወርዳል፣ እሱስ ምን የማይወርድ አለ፣ አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነ ይንገሩኝ፣ ራስዎን ከፍ አድርገው በጀርባዎ ይተኙ፣ ስድስት ወር ሙሉ ፊትዎን አይሹ፣ አይቧጭሩ፣ ከተበላሸ የሚያቃናልዎ የለም፣ እኔ በሚመጣው ሳምንት ወደ አገሬ እመለሳለሁ፣ የሚተካኝ የሆድ ሐኪም ነው። ማክሰኞ ይግቡ፣ ፈርመው ይተኛሉ፣ ረቡዕ ጧት እንሠራዋለን። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

አይቧጭሩ ሲል ዓይኑ የት እንደነበረ አይቻለሁ። ጆሮ ግንዴ ላይ። ይሄ የድሮ ጠባሳ ምንድን ነው፣ የምቆርጠው በሱ ላይ ስለሆነ ማወቅ አለብኝ አለ፣ ከበቅሎ ወድቄ ነው አልኩ፣ በግራም በቀኝም? በግራም በቀኝም ወደቅሁ። ሥራዬ ከንፈሯን ነክሳ ተረጎመችለት፣ የወገራ ልጅ አይደለች፣ የኀዘን ንጭት መሆኑን ሳታውቅ ቀርታ ነው፣ ይሉኝታ ይዟት ነው እንጂ። ምን ብዬ ላስረዳው፣ ባሌ ሊማሊሞ ላይ ከነመኪናው ገደል ገባ፣ መርዶ ነጋሪዎቹ ጎህ ሲቀድ ደጄን ሞልተው ቆመው አየሁና እነሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ ጆሮ ግንዴን በጥፍሬ ነጨሁት፣ ሥጋው እስኪታይ፣ የኛ አገር ሴት ለባሏና ለልጇ ፊቷን ትነጫለች፣ ካልነጨች አልወደደችውም ትባላለች፣ ይሄ በየትኛው ቋንቋ ይተረጎማል። ዋሸሁት። ሐኪምን መዋሸት መጥፎ ነው፣ ቢላዋውን የያዘው እሱ ነው።

ዋሴ። ልጄ ዋሴ፣ ሃያ አንድ ዓመቱ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ናቅፋ በኩል ነው ያለው፣ ከጎረቤቴ ከፋንታዬ ልጅ ከአለነ ጋር ባንድ ቀን ባንድ መኪና ተጫኑ፣ ደብዳቤ ከመጣ አሥራ አራት ወር አለፈው፣ እኔና ፋንታዬ ጧት ጧት በአጥር ላይ እንተያያለን፣ መጣ እንዴ፣ አልመጣም፣ አንቺስ፣ አልመጣም፣ ከዚያ ወደየሥራችን። ማንም ያልጠየቀኝ ይሄን ነው። ስድስት ወር ፊትሽን አትንኪ ማለት ስድስት ወር ልጅሽ አይሞትም ማለት ነው፣ ከፈረምኩ በሱ ላይ ነው የምፈርመው፣ መርዶው ቢመጣስ፣ ከነስፌቴ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ለጉንጯ ሳስታ ለልጇ ሳትነጭ ቀረች ልባል? ግን ደግሞ ፊቴን ለንጭት ብሎ ማቆየትስ ምንድን ነው፣ ያልሞተ ልጅ መቅበር አይደል፣ አለ፣ በሕይወት አለ፣ ሲመጣ እማዬ ምን ሆነሽ ብሎ እንዲደነግጥ አልፈልግም፣ ድሮ ጉንጬ ሳይወርድ የሚያውቃትን እናቱን እንዲያገኝ ነው የምፈልገው። ለማን ብለሽ ነው? እንግዲህ ለሱ ነው። ይሄንንም ዋሽቼዋለሁ።

ዳባት። አውቶቡሱ ቆመ፣ ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር ይላል ግድግዳው፣ ቀይ ቀለሙ ለቋል፣ ወራጅ ይወርዳል፣ አንዲት ሴትዮ ከነዶሮዋ ትጋፋለች፣ ማዶ፣ ወደ ደባርቅ መሄጃው በኩል፣ የነፍስ አባታችን ቄስ ኪዳነ ማርያም ናቸው፣ አጠገባቸው አቶ ሰጠኝ፣ እዚሁ ዳባት የሚኖሩት የአለነ አጎት፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችም፣ ዛሬ ገበያ የለም፣ ዕቃ አልያዙም፣ አራት ሽማግሌ ባዶ እጁን ሽቅብ የሚወጣ መኪና የሚጠብቀው ምን ሊሠራ ነው፣ አቶ ሰጠኝ ያዩኛል፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ይጥላሉ። አወቅሁ። ሰውነቴ ከኔ ቀድሞ አወቀ፣ እጆቼ ጆሮ ግንዴ ላይ ናቸው፣ ማን አወጣቸው፣ አልጫንኩም፣ ገና አልጫንኩም፣ ለፋንታዬ ነው ወይስ ለሁለታችን፣ ባንድ ቀን ነው የሄዱት፣ ባንድ ቀን

ወርጃለሁ። መቼ ወረድኩ። አባቴ ይፍቱኝ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ሸጊቱ ነሽ እንዴ፣ ወዴት ነው፣ ጎንደር፣ በይ እንግዲህ በሰላም ግቢ ልጄ፣ ቶሎ ተመለሺ፣ ድምፃቸው ለስልሷል፣ መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፣ ሰው ቤቱ ሳለ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው፣ የኔም ቢሆን ደርሰሽ ነይ ብለው ያሳልፉኛል፣ ደግነታቸው ነው፣ ተሰፍቼ ስመለስ ደጄ ላይ ሊቆሙልኝ። አይሆንም። ሰው የማያደርገውን አደርጋለሁ፣ መስቀላቸውን ከነእጃቸው እይዛለሁ፣ አባቴ፣ የማን ነው፣ ምኑ ልጄ፣ የማን ልጅ ነው፣ ኧረ ሸጊቱ፣ በመንገድ ላይ፣ ነገ ልቆረጥ ነው አባቴ፣ ይሄን ሳላውቅ አልፈርምም፣ ቄሱ አቶ ሰጠኝን ያያሉ፣ አቶ ሰጠኝ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፣ የኛው ነው፣ አለነ ነው። ዋሴስ? ቄሱ ይመልሱልኛል፣ ወሬውን ያመጣው አብሯቸው የነበረ ቁስለኛ ነው፣ ዋሴ በደኅና ነው፣ በእግሩ ቆሞ ነው የተለየሁት ብሏል፣ አልደበቅንሽም ልጄ፣ የያዝሽው መስቀል ምስክሬ ነው።

ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ፣ ከእግሬ ጀምሮ ይሞቀኛል፣ ቀኝ ጉንጬ ሽቅብ ሲሳብ ይሰማኛል፣ እየሳቅሁ ነው፣ የሞተባቸው ሰው ፊት ቆሜ፣ በነጠላዬ እሸፍነዋለሁ፣ የማለቅስ መስሏቸው አይዞሽ ይሉኛል። አለነ ከዋሴ ጋር ካንድ ገበታ ነው የበላ፣ ልጅ ሆኖ ውሻ ሲያባርረው የኔን ቀሚስ ነው የሚይዝ፣ ሸጊቱዬ ነው የሚለኝ፣ እና እኔ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ።

ሾፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል፣ እትዬ፣ አይሄዱም እንዴ፣ እሄዳለሁ፣ ዋሴ አለ፣ አሁን መፈረም እችላለሁ፣ ዛሬ እገባለሁ፣ ነገ ጧት፣ ነገ ጧት ጎህ ሲቀድ እነዚህ አራት ሰዎች ፋንታዬ ደጅ ይቆማሉ። ክንዴ የሞተ ዕለት እየሮጠች የደረሰች ፋንታዬ ናት፣ እጆቼን ስትይዝ ግን ደሙ ወርዶ ነበር፣ ትንሽ ብቀድም ኖሮ ስትል እስከ ዛሬ ትቆጫለች፣ ደግሞ ብቻዋን ናት፣ ባል የላት፣ ሌላ ልጅ የላት። እኔ እጄ ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ እንቅልፍ ወስዶኝ

ዕቃዬን ያውርዱልኝ እለዋለሁ ሾፌሩን። ሐኪሙ ይሄዳል፣ የሆድ ሐኪም ይመጣል፣ ጉንጬ እንደወረደ ይቀራል፣ ያሳዝነኛል፣ አልዋሽም፣ በጣም ነበር የፈለግሁት። ዋሴም እንደሆነ ይደነግጥ፣ በሕይወት መጥቶ ይደንግጥ። ምነው ተመለስሽ ትለኛለች ፋንታዬ፣ ሐኪሙ የለም እላታለሁ፣ ግራ ጉንጬን ወደሷ አድርጌ እቀመጣለሁ፣ በግራው ምንም አይታወቅብኝም፣ አብሬያት አድራለሁ፣ ገና ሳይነጋ ነቅቼ ጎኗ እቀመጣለሁ፣ ሁለቱንም እጆቿን፣ ከአንጓዋ፣ አጥብቄ፣ ትነክሰኛለች፣ ትንከሰኝ፣ አልለቅም፣ በሩ ሳይንኳኳ፣ ጥፍሯ ፊቷ ላይ ሳይደርስ