የመጥበሻ እጀታ ያለው መጋዝ

ሰፈሩ ሁሉ «ጦጣው» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ዛፍ እየወጣ መከርከም በጀመረበት በሃያ ዓመቱ ነው፤ ያኔ «መሰላል ላምጣልህ?» ያለው ሰው የሰደበው ይመስለው ነበር። አሁን ስድሳ ሦስት ዓመቱን ደፍኗል። ሆዱ ከመታጠቂያው ቀበቶ በላይ አልፎ ተንጠልጥሏል፣ ጉልበቱ ሲታጠፍ እንደ ደረቅ እንጨት ይንቋቋል፣ ጠዋት ካልሲ ሲያጠልቅ እንኳ አልጋው ጫፍ ላይ ሁለት ጊዜ ያርፋል። «እኔ አላረጀሁም፤ ዛፎቹ ናቸው የረዘሙት» ይላል ለጠየቀው ሁሉ። እሱው ይቀልዳል፣ እሱው ይስቃል። ሰው ሳይቀድመው ራሱን ማማት ልማዱ ነው። የማይቀልድበት አንድ ጉዳይ ብቻ ነበረው፤ እሱም የጠፋው መጋዙ ነው።

ያ መጋዝ እንደማንም መጋዝ አልነበረም። ምላጩ ጎበጥ ያለ፣ ወደ ራስ ሲስቡት የሚቆርጥ፣ የክንድ ውፍረት ያለውን ቅርንጫፍ ሰባት ጊዜ ብቻ ተስቦ የሚጥል ነበር። የእንጨት እጀታው የተሰበረበት ጊዜ ጦጣው ብዙ አላሰበም፤ ወጥ ቤት ገብቶ ከሚስቱ መጥበሻ ላይ የብረቱን እጀታ ነቀለና በሁለት ብሎን አሰረው። ጫፉ ላይ የመስቀያው ቀዳዳ ሳይቀር ነበረው። ሚስቱ ያን ዓመት ሙሉ እንቁላል የጠበሰችው መጥበሻውን በጨርቅ ይዛ ነው። «ለሥራው ነው ብዬ ዝም አልኩ» ትላለች እስከ ዛሬ፤ ዝም ያለችበትን ቀን ግን በቤቱ ውስጥ የሚያስታውስ ሰው የለም።

መጋዙ የጠፋው የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ነው። ያኔ አብሮት የሚሠራው የሚስቱ ወንድም ነበር። «ሬዲዮ» ይሉታል፤ በቀን ከአስር ቃል በላይ ስለማይወጣው። ሁለቱ አንድ ቀን ሦስት ግቢ ሲከረክሙ ውለው የዕቃውን ሳጥን ሲከፍቱ መጋዙ የለም። ጦጣው መኪናውን በረበረ፣ የተጠቀለለውን ገመድ ሁሉ ፈታ፣ የምሳ ዕቃውን ሳይቀር ገልብጦ አየ። በማግስቱ ምሳ ላይ ሚስቱም ትንሿ ልጁም ባሉበት አፉን ከፈተ።

«ሳጥኑን ከእኔና ካንተ ሌላ የነካው የለም። እኔ የራሴን አልሰርቅ!»

ሬዲዮ ማንኪያውን አስቀመጠ። እህቱን አየት አደረገና ተነስቶ ወጣ። በቃ፤ ከዚያ ወዲህ የዚያን ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ሚስት ወንድሟን ለማየት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዋን ትሄዳለች። ልጅቷ ስትመረቅ ሁለት ፎቶ ተነሳች፤ አንዱ ከአባቷ ጋር፣ አንዱ ከአጎቷ ጋር። እናትየዋ በሁለቱም ላይ አለች፣ በሁለቱም ላይ ዓይኗ ቀልቷል። ጦጣው ግን ወይ ፍንክች! «መጋዜን ያምጣ» እንዳለ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረ።

ማክሰኞ ለት አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ደውለው ዛፍ እንዲከረክምላቸው ጠሩት። ጦጣው ከልጁ ጋር ሄደ። ልጅቷ በደን ትምህርት ተመርቃ ከአባቷ ጋር ነው የምትሠራው፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ የምትወጣው እሷ ናት፣ እሱ ታች ሆኖ ገመድ ይይዛል። ለሰው ሲናገር ግን «እኔ ነኝ የማሠራት» ይላል።

ግቢው የድንጋይ አጥር ያለው፣ ባለ ፎቅ ቤት የቆመበት ነው። ዛፉ ደግሞ ትልቅ ጃካራንዳ፤ አንዱ ቅርንጫፉ የሰገነቱን መስኮት ሊነካ ደርሷል። አስተማሪዋ ከመነጽራቸው በላይ ጦጣውን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከቱት።

«አንተ ራስህ ነህ የምትወጣው?»

ልጅቷ ገመዱን ትከሻዋ ላይ አድርጋ «አይ፣ እኔ ነ…» ከማለቷ ጦጣው አቋረጣት።

«ታዲያ ማን ሊወጣልዎት ኖሯል፣ እትዬ? አርባ ሦስት ዓመት የወጣሁበት ሥራ ነው!»

አስተማሪዋ «እንግዲያውስ ጥሩ። የድሮው ሠራተኛዬም እኮ…» ብለው ሊቀጥሉ ነበር፤ ጦጣው ግን የዛፍ መውጫ መታጠቂያውን እያጠበቀ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ሆዱን ወደ ውስጥ እየሳበ ስለነበር አልሰማቸውም። ሆድ እየሳቡ ሰው ማዳመጥ ከባድ ነው።

«አባዬ፣ ምን አስበህ ነው?» አለች ልጁ በሹክሹክታ።

«አንቺ ገመዱን ያዢ!»

እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ በመሰላል ወጣ። ያ የናቀው መሰላል! ከዚያ በገመድ ሆነ። በየሁለት ሜትሩ እየቆመ ግንዱን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፣ ራሱን ይነቀንቃል።

«ምን ሆንክ?» ትላለች ልጁ።

«እየመረመርኩ ነው!»

የሚመረምረው የራሱን ልብ ነበር፤ ደረቱን ጥሶ ሊወጣ ደርሷል።

ሰባተኛው ሜትር ላይ አንድ ጉቶ አገኘ። አንድ ደንቆሮ ወፍራሙን ቅርንጫፍ ከግንዱ ላይ በወጉ በመቁረጥ ፈንታ ክንድ የሚያህል አስቀርቶ ቆርጦታል፤ እሱ ሳያንስ ላዩን ሬንጅ ቀብቶታል። ጉቶው በስብሶ ውስጡ ባዶ ሆኗል። ጦጣው የሰው ስህተት ሲያገኝ ድካሙ ይለቀዋል፤ ድምፁም ተመለሰ።

«እትዬ! ይሄን የቆረጠ ሰው እጁ ይቆረጥ! ይሄ እንኳን ዛፍ ዳቦ መቁረጥም አይችል! ሬንጅ! ዛፍ መንገድ ነው እንዴ ሬንጅ የሚቀባው?»

ከጉቶው በላይ ያሉትን አዳዲስ ቁርጦች ደግሞ አየ። ንጹሕ ናቸው፤ ዛፉ ዙሪያቸውን ከቦ ጠግኗቸዋል። «እነዚህን የቆረጠውን ግን እጁን ይባርከው! ባለሙያ ማለት እሱ ነው!» ብሎ ጨመረ።

ዘጠነኛው ሜትር ላይ ሁለት ትልልቅ ቅርንጫፎች የሚለያዩበት ባላ አለ። እግሩን ሊያሳርፍ እጁን ሲሰነዝር አንድ ቀዝቃዛ ብረት ጨበጠ። አየው። ከቅርፊቱ ውስጥ የጣት ርዝመት ያህል ወጥቷል፣ ዝጓል፣ ጫፉ ላይ ቀዳዳ አለው።

የመጥበሻ እጀታ ነው።

ጦጣው ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። እጀታው አለ። ያኔ ነው ሁሉም ነገር እንደ ጎርፍ የመጣበት። ግቢው ያኔ የቆርቆሮ አጥር ያለው፣ ባለ አንድ ክፍል ቤት ነበር። ዛፉም ገና ጎረምሳ ነው። ዝናብ ሊመጣ ሲል ተቻኩሎ መጋዙን ባላው ላይ ሰካ አደረገና ቅርንጫፉን በእጁ ገፍቶ ጥሎ ወረደ። ተመልሶ ሊያመጣው ነበር። ዝናቡ መጣ፣ ረሳው። ዛፉ ደግሞ አይረሳም፤ በየዓመቱ እየወፈረ ምላጩን ዋጠው። ያንን ጉቶ ማን ቆረጠው? እሱ። ሬንጁንስ? ከመኪናው ያወጣው ራሱ ነው፤ እንዲያውም «ይሄ ዘመናዊ አሠራር ነው» ብሎ ለሬዲዮ አስረድቶት ነበር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። የረገመው እጅ አሁን ገመዱን የያዘው የራሱ እጅ ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ መሬት ግን ዘጠኝ ሜትር ታች ናት።

«አባዬ! ምን አገኘህ?»

«ምንም! የወፍ ጎጆ ነው!»

ውሸቱ ሳያስበው ነው የወጣው፤ ከወጣ በኋላ ግን ተመቸው። ማን ያያል? ከታች ቅጠሉ ይሸፍነዋል። ሁለት ክረምት ቢያልፍ ዛፉ የቀረውንም ይውጠዋል። ሰውየው ሌባ እንደተባለ ይኖራል፣ ጦጣውም ተበዳይ እንደሆነ ይሞታል፤ ሁሉም የለመደውን ይዞ ይቀጥላል። ሃያ ሁለት ዓመት የተከበረ ሰው በስተርጅና እንዴት ነው «የመጥበሻ እጀታ ጠፋብኝ ብዬ የሚስቴን ወንድም አባረርኩ» የሚለው?

ከዚያ ልብ ብሎ አየ። ቅርፊቱ በእጀታው ዙሪያ ተፍቋል። አንድ ጊዜ አይደለም፤ አሮጌ ጠባሳ አለ፣ በላዩ ሌላ፣ በላዩ ሌላ፤ የመጨረሻው የአምና ይመስላል። አንድ ሰው በየዓመቱ እየመጣ ዛፉ እጀታውን እንዳይውጠው ቅርፊቱን በሴንጢ ሲፍቅ ኖሯል። ጦጣው ላብ ላብ አለው።

«እትዬ!» አለ፤ ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «የድሮው ሠራተኛዬ ያሉት ማነው?»

«ልነግርህ ስል መች ሰማኸኝ!» አሉ አስተማሪዋ ከታች። «ሬዲዮ ነው የሚሉት። ቤቱን ከገዛሁ ጀምሮ አስራ ስምንት ዓመት የከረከመልኝ እሱ ነው። ዘንድሮ ወገቡ ከዳው፤ ሐኪሙ ከእንግዲህ ዛፍ የሚባል እንዳትወጣ ብሎታል። ያንተን ቁጥር የሰጠኝ እሱ ነው። ‹ልጅቷ ሳትሆን አባትየው ይውጣ› ብሎ አደራ አለኝ። ለዚህ ነው አንተ ራስህ ነህ ወይ ያልኩህ!»

ልጅቷ ገመዱን እንደያዘች ቀና ብላ ቀረች። ጦጣው ባላው ላይ ተቀመጠ። በጩኸት ያሞገሰው እጅ የማን እንደሆነ፣ የረገመው የማን እንደሆነ አወቀ። ከእንግዲህ ቅርፊቱን የሚፍቅ ሰው የለም። ሰውየው ምስክሩን አደራ የሰጠው ለከሳሹ ነው።

ከኪሱ ሴንጢውን አወጣና የዘንድሮውን ቅርፊት ራሱ ፋቀ። ከዚያ ጉቶውን በወጉ ቆረጠው፣ መስኮቱን የሚነካውንም አስወገደና ወረደ። የሴትየዋን ምስጋና እንኳ ቆሞ አልሰማም።

መኪና ውስጥ ለልጁ ነገራት። መጀመሪያ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችና መሪውን መታችው። «ፎቶዬን ሁለት ጊዜ ያስነሳኸኝ ለዚህ ነው?» አለች። ከዚያ ሳቋ ቆመ፤ መኪናውን ወደ አጎቷ ቤት አዞረችው። ጦጣው ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

መንገዱን ሙሉ ንግግር አዘጋጀ። ሰው ነን፣ ዕድሜ ነው፣ ሰይጣን ነው፣ ዝናቡም ነበር። በሩን የከፈተው ሬዲዮ ራሱ ሆነ። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጥቷል፣ ወገቡ ላይ የሐኪም ሰፊ ቀበቶ ታስሯል። ጦጣውም መታጠቂያውን ሳይፈታ ነው የመጣው። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሁለቱም ወገባቸውን እንደታሰሩ፣ ደጃፍ ላይ ተፋጠጡ። የተዘጋጀው ንግግር ብን ብሎ ጠፋ።

«አየሁት» አለ ጦጣው።

«ምኑን?»

«የእህትህን መጥበሻ።»

ጦጣው ሲጨንቀው መቆጣት ይቀናዋል።

«አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ እያወቅክ! ያየኸው ቀን ፈልፍለህ አምጥተህ ፊቴ ላይ ብትወረውረው ምን ነበረበት?»

«ባመጣልህማ» አለ ሬዲዮ በዝግታ፣ «‹ይኸው፣ የሰረቀውን መለሰ› ነበር የምትለው።»

ጦጣው ሊክድ አፉን ከፈተ። ግን ራሱን ያውቀዋላ! ቃል በቃል እንደዚያ ነበር የሚለው፤ እንዲያውም «እንኳን ሌባ ባለቤትም ይሄን ያህል ጊዜ አያስቀምጥም» ብሎ ሰፈሩን ያስቅ ነበር።

«እል ነበር» አለ። እንባው መጣ፣ ሊደብቀውም አልሞከረም። «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ። ሌባ ያልኩህ በእህትህ ፊት ነው፤ ስሙን የማነሳልህም በእሷ ፊት ነው። ዛሬውኑ።»

ሬዲዮ የጦጣውን እጅ ተመለከተ። ጣቶቹ መሃል አሁንም የቅርፊት ፍቅፋቂ አለ።

«የዘንድሮውን ፋቅከው?»

«ፋቅኩት።»

«ምን አደከመህ» አለ ሬዲዮ፤ የራሱን ወገብ ደግፎ ጦጣው እንዲገባ ከበሩ ዘወር አለለት። «አሁንማ ይዋጠው።»