ለዳርሲ አቤት ያልኩባቸው አራት ቀናት

ጦርነቱ ላይ ምን ሠራህ ለሚለኝ ሁሉ የቆርቆሮ ሥጋ ተሸከምኩ እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ኒው ጊኒ ደሴት ጭቃ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ካርቶን ስሸከም ኖሬያለሁ። ሌላም የሠራሁት ነገር አለ። እሱን ግን ለሰው አልናገርም ነበር።

ዳርሲ ማክኒል እንደኔው የትንሿ ከተማችን የኩራቢን ልጅ ነው። ባንድ ባቡር ሄደን ባንድ ቀን ተመለመልን። ያን የቆርቆሮ ሥጋ ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። አንድ ሰኞ ጠዋት የማጥመጃ ክሩን ኪሱ ከተተና፣

«ወደ ወንዙ ወረድ ልበል። ስሜ ሲጠራ አቤት በልልኝ» አለኝ።

«እስከ መቼ?»

«ዓሣው እስኪያዝ ነዋ! አንተ ያቺ ነርስ ጋ ስትሄድ ስንቴ አቤት አልኩልህ?»

እኛ ዘንድ ለጓደኛ አቤት ማለት ውለታ እንኳ አይባልም። እምቢ ያለ ግን ከሰው አይቆጠርም። ሃምሳ አለቃችን ፕራት ደግሞ ስም ሲጠራ ዓይኑን ከወረቀቱ አያነሳም። ድምፅ ከሰማ ምልክት ያደርጋል፣ ያልፋል።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ዝናቡ ጉድ አፈላ፤ ወንዙ ሞላ። ሰኞ አቤት ብዬለት ነበር፤ ማክሰኞም አልኩለት። ረቡዕም፣ ሐሙስም። የሆነ መንደር ገብቶ ዓሣውን እየጠበሰ ነው ብዬ ተናደድኩበት እንጂ አልሰጋሁም። ዓርብ ወደ ግንባር ውጡ ተባልን። ያኔ ሰው በዓይን ተቆጠረ፤ ዳርሲ የለም።

መዝገቡ ላይ «ወደ ግንባር ሲታዘዝ ከዳ» ብለው ጻፉ። ወንዙ እኮ ሞልቶ ነበር አልኩት ሃምሳ አለቃውን።

«ጎርፉ የመጣው ሰኞ ነው። ማክኒል እስከ ሐሙስ አቤት ብሏል። የሰመጠ ሰው አቤት ይላል እንዴ?»

አይልም። አቤት ባዩ እኔ ነበርኩ አላልኩትም። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጦርነቱ አልቆ ስመለስ ኩራቢን መሃል ለሞቱት ልጆች ድንጋይ ቆሞ ስማቸው ተቀርጾበታል። ድንጋዩን ያቆመው ኮሚቴ ግን ለከዳ ሰው ቦታ የለንም አለ። የዳርሲ እናት ከቤተ ክርስቲያን ቀሩ፤ ዳቦ እንኳ ጎረቤት ነው የሚገዛላቸው። ይህን እያየሁ አንድ ዓመት ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ዓመት እህል አልወርድ አለኝና ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

ሻይ ቀዱልኝ። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«ሰኞ ዕለት አፌን ብይዝ ኖሮ ያኔውኑ ይፈልጉት ነበር፣ ሚስስ ማክኒል። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ሻያቸውን ማማሰሉን አልተዉም።

«እንዴት አድርገህ ነበር የምትለው?»

«ምኑን?»

«አቤቱን ነዋ። በሱ ድምፅ። እስቲ በለው።»

«ኧረ ይተዉኝ፣ በናትዎ።»

«በል አልኩህ!»

«አቤት!» አልኩ፣ እንደ ዳርሲ ካፍንጫዬ።

ኩባያውን አስቀመጡት።

«ምኑም እሱን አይመስልም። ሃምሳ አለቃችሁ ደንቆሮ ነው?»

«ዓይኑን ከወረቀቱ…»

«ዝም በል። ኮትህን ልበስ።»

ኮሚቴው ፊት ወስደው አቆሙኝ፤ ቀጥሎም ጦር ሠራዊቱ ቢሮ። ሁለቱም ቦታ ምዬ ፈረምኩ። ስንመለስ መንገድ ላይ፣

«ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ» አሉኝ።

«አልመሰለኝም።»

«እሑድ ምሳ ና። የበግ ጥብስ አለ።»

መዝገቡ እስኪስተካከል ስምንት ወር ፈጀ፤ ስሙም ድንጋዩ ላይ ተቀረጸ። በመታሰቢያው ቀን ጎህ ሲቀድ ከተማው ሁሉ ድንጋዩ ዙሪያ ቆመ። ሊቀመንበሩ ባርኔጣውን አውልቆ የሞቱትን ስም አንድ ባንድ ይጠራል፤ ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ጸጥታ ነው።

«ማክኒል፣ ዳርሲ።»

አፌ ሊከፈት ሲል የዳርሲ እናት ክንዴን ጨመቅ አደረጉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አልኩለት።