ከኮረብታው የመጣ ስልክ

ሩሀማ ሁለተኛውን አንቀጽ ሳትጨርስ ካልሲዋ ውስጥ የደበቀችው ስልክ ነዘረ።

ተራዋ ደርሶ ቆማ ነው የምታነበው። የአማርኛ መምህሯ መክብብ አንድ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ የጻፈውን ትዝታ አባዝቶ አድሏቸው፣ ክፍሉ ስለ ጽናት ሲያወራ ነው ያረፈደው። የክፍሏ ልጅ ናሆም ሰውዬውን ጀግና ብሎ አሞግሶ ተጨብጭቦለታል። እሷ ግን የመጀመሪያውን መስመር፣ "ከጉድጓዱ ስወጣ ፊቴን ከመታጠቤ በፊት ልጄን በዓይኔ እፈልጋለሁ" የሚለውን እንኳ ድምጿን ዋጥ አድርጋ ነው ያለፈችው። አባትሽ ምን ይሠራል ሲሏት ነጋዴ ነው ስትል ኖራ፣ አሁን በምን አፏ ዳውሮ ውስጥ ከሰል ይቆፍራል ትበል?

ስልኩ አሁንም ይነዝራል። አባቷ አቶ ግዛቸው የሚደውልላት እሑድ እሑድ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ነው። ሰሞኑን ጭራሽ ድምፁ ጠፍቷል። ዝናቡ ይሆናል እያለች ራሷን ስታጽናና፣ ቱላ ከተማ ባለችው የኪራይ ክፍሏ ስልኩን አቅፋ ትተኛለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሌላ ሰው የላትም።

የትምህርት ቤቱ ሕግ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ክፍል ውስጥ የተገኘ ስልክ ይያዛል፤ የሚመለሰው ወላጅ ሲመጣ ብቻ ነው። ወላጅ! የሷን ወላጅ ማን ከዚያ ጉድጓድ አውጥቶ ያመጣላታል?

ጎንበስ ብላ ስልኩን አወጣችው። መክብብ እጁን ዘረጋ።

"አምጪው።"

"አባቴ ነው፣ ቲቸር። ካላነሳሁለት ከኮረብታው ተመልሶ ይወርዳል።"

"ሕጉን ታውቂዋለሽ።"

"አውቃለሁ። ላናግረውና ራሴ እሰጥዎታለሁ።"

አነሳችው። የአባቷ ድምፅ አጠገቧ ለተቀመጡትም ይሰማል።

"ሩሄ፣ እሑድ ያልደወልኩት የኮረብታው መንገድ በጎርፍ ተቆርጦ ነው እኮ፤ ዛሬ ገና ተከፈተ። ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ፣ አባዬ።" እንባዋ መጣ፤ በመዳፏ ጠረገችው።

"ትምህርት ላይ ነሽ እንዴ? ልዝጋው?"

ናሆም ዞሮ ያያታል። ሁሉም ያይዋታል። አዎ፣ በኋላ ደውል ብትለው አባቷ ነጋዴ እንደሆነ ይቀር ነበር። በኋላ ግን ስልክም የላት፣ እሱም ኮረብታው ላይ የለ።

"አትዝጋው። ክፍል ነኝ። ስለ ከሰል ቆፋሪ እያነበብን ነው፣ ስላንተ ሥራ።"

ከኋላ አንድ ሰው ሹክ አለ። አባቷ ሳቀ፤ ሳሉ ሳቁን አቋረጠው።

"እሱም ይጻፋል እንዴ? ምን ይላል እስቲ?"

መክብብ የዘረጋውን እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ሩሀማ አባቷ እንዲሰማት፣ እሱም ለሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ዴስኩ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወረቀቱን አነሳችና ያቆመችበትን ትታ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች።