የዳኛዋ ደብተር

ፊልም አልቆ ስሞች ከታች ወደ ላይ መውጣት ሲጀምሩ ሰው ሁሉ ቦርሳውን ፈልጎ ይነሳል። እኔና ታላቅ ወንድሜ ግን አንነሳም። ሰዎች በጉልበታችን ላይ እየተረማመዱ ይወጣሉ፤ አንዳንዱ ይቅርታ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ከወንበሩ ለይቶ አያየንም። የምንጠብቀው ስማችንን ነው። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያገኘው ደግሞ እሱ ነው። «ያውልሽ!» ብሎ በክርኑ ይጎስመኛል። አብረን በሠራንባቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ቀድሜው አላውቅም።

ፊልም ላይ እንደምሠራ የሰማ ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ታዲያ መቼ ነው የምናይሽ?» አታዩኝም! እኔ የታየሁ ዕለት ሥራው ተበላሽቷል ማለት ነው። ተዋናዩ ጠዋት ብርጭቆውን በቀኝ እጁ አንስቶ ከነበረ፣ ከምሳ በኋላ በግራው እንዳይዘው የምጠብቀው እኔ ነኝ። የትኛው የልብስ ቁልፍ ተከፍቶ የትኛው ተዘግቶ እንደነበር፣ ማን የት ቆሞ ምን እንዳለ፣ ሁሉንም በደብተሬ እይዛለሁ። ጠብ ሲነሳ «ደብተሩ ምን ይላል?» ይባላል፤ ደብተሩ ያለው ይጸናል። በዚህ የተነሳ «ዳኛዋ» የሚል ስም ወጣልኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ውሸት ጽፌ አላውቅም ነበር። ይህን የምለው ልመጻደቅ ብዬ አይደለም፤ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ወንድሜ የፎከስ ሠራተኛ ነው። ይህን ለዘመድ ማስረዳት ከኔውም ይብሳል። ካሜራማኑ በካሜራው ሲያይ ወንድሜ አጠገቡ ቆሞ ሌንሱ ላይ ያለውን ቀለበት ያዞራል። ተዋናይ ሲጠጋም ሲርቅም ፊቱ ጥርት ብሎ እንዲቆይ የሚያደርገው ያ ቀለበት ነው። ከቀረጻ በፊት ተዋናዩ የሚቆምበት ወለል ላይ ለምልክት ባለቀለም ፕላስተር ይለጠፋል፤ ወንድሜ ከካሜራው እስከ ፕላስተሩ በሜትር ይለካል። ያ ሜትር ከቀበቶው ተለይቶ አያውቅም። ሚስቱ «የተጋባው ከሱ ጋር ነው፣ እኔ ሚዜ ነበርኩ» ትላለች።

ምሳ ሰዓት ላይ «የማን ሥራ ይከብዳል?» የሚል ክርክር አይጠፋም። ዳይሬክተሩ ሕልም ያያል፣ ፕሮዲውሰሩ «ሕልሙ ስንት ቀን ይፈጃል?» ይላል፤ ሁለቱም እኔ ባልኖር ፊልም የለም ባዮች ናቸው። የመብራት ሠራተኛው ፀሐይን የተከላት እሱ ይመስለዋል። ድምፅ ቀጂው ረዳት ስለሌለው ማሽኑን ባንገቱ አንጠልጥሎ፣ ረጅሙን የማይክ ዘንግ ከሰው ራስ በላይ ይዞ ቆሞ ይውላል፤ «እኔ የመጣሁት ልቀዳ ነው ልሰቀል?» ይላል ትከሻውን እያሸ። ፕሮዲውሰሩ ሊያስታርቅ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲል፣ እኔ ደብተሬን መታ መታ አድርጌ «ሎሚው የወደቀ ዕለት ግን ማን እንደጣለው የሚጻፈው እዚህ ነው» እላለሁ። ወንድሜ ክርክር አይወድም። «መብራት ቢበላሽ ኋላ ይስተካከላል። ድምፅም ቢበላሽ ስቱዲዮ ገብተው ይቀዱታል። የደበዘዘ ፊት ግን ማንም መልሶ አያጠራውም» ብሎ ወደ ምሳው ይመለሳል።

የመጨረሻውን ፊልማችንን በጀመርን በሁለተኛው ሳምንት የጥፍር ቀለሜ ጠፋ። ኋላ የወንድሜ ሜትር ላይ አገኘሁት። በየሃምሳ ሳንቲ ሜትሩ ጠብ ጠብ ተደርጎ ደርቋል፤ በጣት ሲዳሰስ ጎርበጥ ይላል። ዝርዝር ማየት እንጀራዬ ነውና ከዚያ ወዲያ ሌላውም ታየኝ። በር ሲገባ መቃኑን ይነካል። ከካሜራው እስከ ጠረጴዛው እርምጃ ይቆጥራል። የወለሉን ፕላስተር በዓይኑ ሳይሆን በጫማው አፍንጫ ይፈልጋል። በረንዳ ላይ ለብቻው አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ዓይንህ ምን ሆነ?»

ለመካድ እንኳ አልሞከረም። «መሃል መሃሉ ጠፋ፤ ዳር ዳሩ አለ። አሁን አንቺን ሳይሽ ጆሮሽ ይታየኛል፣ ፊትሽ የለም።»

«ሐኪም ምን አለህ?»

«የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ አለኝ።» እጄን ፈልጎ ያዘ። «አሥር ቀን ነው የቀረን። ይቺን ልጨርስና እኔው ራሴ እናገራለሁ። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።»

ሆድ ይፍጀው አልኩ። እንባዬን ስላላየብኝ ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝ ደግሞ አፈርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀረጻው ምልክቱ የት እንዳለ በጆሮው ሹክ እለው ነበር፤ አንድም አልተበላሸም።

የመጨረሻው ቀን ላይ አንድ ትዕይንት ብቻ ቀረን። ቦታው በኪራይ የያዝነው አሮጌ ቤት ሳሎን ነው። እናት ሆነው የሚሠሩት ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው አንጋፋ ተዋናይ ናቸው። ከበር ይገባሉ፣ መስኮቱ ዘንድ ሄደው ወደ ካሜራው ይዞራሉ፣ ልጃቸው የላከውን ደብዳቤ ከፍተው ያነባሉ፤ በቃ። የቤቱ ባለቤት ጀምበር ሳትጠልቅ ቁልፉን ሊረከብ ይመጣል፤ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃንም ከዚያ በላይ አይቆይም።

ጠዋት የእትዬ ምልክት የተለጠፈው ወንበሩ አጠገብ ነበር፣ በቢጫ። ኋላ የመብራት ሠራተኛው «ጥላ ይወድቅባቸዋል» ብሎ ከካሜራው ራቅ አድርጎ ወደ መስኮቱ በኩል ቀይ ለጠፈ። ቢጫውን ማንሳት ነበረበት፤ አላነሳውም። እኔ «ቀይ» ብዬ ጻፍኩ። ለወንድሜ ልነግረው ስል የልብስ ኃላፊዋ ጠራችኝ፤ የእትዬ ሹራብ ሁለተኛው ቁልፍ ትናንት ተዘግቶ ነበር ወይስ ተከፍቶ? ተዘግቶ ነበር። ይህን ለማጣራት ገጽ ሳገላብጥ ወንድሜ ወለሉን በጫማው ዳሰሰ፣ ፕላስተር አገኘ፣ ለካ። ያገኘው ቢጫውን ነበር። ለአንድ ቁልፍ ብዬ ወንድሜን ረሳሁት።

እትዬ ገቡ። ደብዳቤውን ከፍተው ሁለት መስመር እንዳነበቡ ማንበባቸውን አቋረጡ። አላለቀሱም። ወረቀቱን አጥፈው ሹራባቸው ውስጥ ከተቱና ከላይ በመዳፋቸው ተጫኑት። ዳይሬክተሩ አነባ። ፕሮዲውሰሩ ሰዓቱን ማየት ረሳ፤ ይህ ታይቶ አይታወቅም። ካሜራማኑ ብቻ ፊቱ ተኮሳትሮ «ይስተካከላል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልተስተካከለም» አለ።

መልሰን አየነው። የወንበሩ ጀርባ ከነምስማሩ ይቆጠራል፤ የእትዬ ፊት ጭጋግ ነው።

«ይሄ የማን ጥፋት ነው?» አለ ዳይሬክተሩ። «ምልክቱ ተስቷል ወይስ ፎከሱ ነው?»

ወንድሜ አፉን ሳይከፍት እትዬ ቀደሙት። «የኔ ነው ልጄ። እግሬ አልፎ ሄደ። እርጅና ነው፣ ምን ታደርገዋለህ።»

ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር። እትዬ በአርባ ዓመት ሥራቸው ምልክት ስተው አያውቁም። ወንድሜ ወለሉን በጫማው ሲዳብስ አይተውት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ዳይሬክተሩም አላመነም። «እትዬ ምልክት ሳቱ? ዳኛዋ፣ ደብተሩ ምን ይላል?»

ሁሉም ወደኔ ዞረ። ደብተሩ ስለዚህ ቀረጻ ገና ምንም አይልም፤ ከ«ቀይ» በቀር አልጻፍኩም ነበር። ጥፋቱ የፎከስ ነው ብዬ ብጽፍ የወንድሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ መስመር ያልቃል፤ ወሬው ደግሞ ከሱ ቀድሞ ቤቱ ይደርሳል። የእትዬ ነው ብዬ ብጽፍ እሳቸው ወደውና ፈቅደው ነው፣ ማንም አይጎዳም። ስክሪብቶዬን አነሳሁ። «ተዋናይቷ ምልክቱን አልፈው ቆሙ» ብዬ ጻፍኩ።

ደብተሩን ለዳይሬክተሩ ልሰጥ ስራመድ ወንድሜ ከካሜራው አጠገብ «ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አለኝ።

ገጹን ከፊቱ ዘረጋሁለት። አላየውም።

«አንብቢልኝ» አለ፣ ሁሉም እየሰማ።

ወረቀት ላይ መዋሸት ችዬ ነበር። ድምፄን አውጥቼ እሱ ፊት መዋሸት ግን አቃተኝ። ሰረዝኩት። ከሥሩ ጻፍኩና እየተንተባተብኩ አነበብኩ፤ «ተዋናይቷ ቀዩ ምልክት ላይ በትክክል ቆመዋል። ፎከስ የተለካው በአሮጌው ቢጫ ነው። ምልክቱ መቀየሩን ደብተር ያዥዋ ታውቅ ነበር፤ አልተናገረችም።»

«ሰርዘሽ ነው የጻፍሽው» አለ ወንድሜ። ፈገግ ብሎ ነበር። «ስክሪብቶውን ሰማሁት። የመጀመሪያው አጭር ነበር።»

ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረ። «ዓይኔ ሄዷል። ሁለት ወር ሆነው። እህቴን ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ፤ እትዬም ስለኔ ብለው ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።» ሜትሩን ከቀበቶው ፈትቶ ለካሜራማኑ ዘረጋለት። ካሜራማኑ እጁን ወደ ኋላ ደበቀ፤ አልተቀበለውም። ዳይሬክተሩ ሊቆጣ የከፈተውን አፍ ሳይቆጣ ዘጋው። የመብራት ሠራተኛው ማንም ሳያዘው ተንበርክኮ ቢጫውን ፕላስተር በጥፍሩ መላጥ ጀመረ። እትዬ ወንድሜን ትከሻውን ያዙት።

«ብርሃኑ አርባ ደቂቃ አለው» አለ ፕሮዲውሰሩ ሰዓቱን አይቶ። «ማልቀስ ካለብን ከአርባ ደቂቃ በኋላ እናለቅሳለን።» ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱም በሰዓት ነው።

የሜትሩን ጫፍ ወንድሜ ካሜራው ላይ ያዘ፣ እኔ ቀዩ ላይ ተንበርክኬ ቁጥሩን አነበብኩ። ቀለበቱን ካሜራማኑ ራሱ ሊያዞር ተስማማ። ያን ጊዜ ወንድሜ እጁን የሚያደርግበት አጣ። ግድግዳው ሥር ሄዶ ቆመ፣ ባዶ ቀበቶውን እየነካካ።

ድምፅ ቀጂው ከጆሮው ላይ ማዳመጫውን አነሳ። «ያንን ስርዝ እኔ በማሽን ነው የሰማሁት፤ አንተ በባዶ ጆሮህ። ና እስቲ፣ ይቺን ዘንግ ያዝልኝ፣ ትከሻዬ ሞቷል።»

«አልችልበትም።»

«ሰው ሲራመድ የት እንደሚደርስ ታውቃለህ አይደል? ሥራው እሱ ነው። የቀረው ክንድ ነው።»

ወንድሜ እጁን ከቀበቶው አነሳ። ከዚያ ወደ ካሜራማኑ ዞሮ «ስንት ሌንስ ነው የጫንከው?» አለ።

«ሃምሳ።»

የሌንሱ ቁጥር ምስሉ ከየት እስከ የት እንደሚሰፋ ይነግረዋል። ዘንጉን አነሳ፣ አየር ላይ አመዛዘነና አቆመው። ካሜራማኑ ዓይኑን አስጠግቶ አየ። ማይኩ ከምስሉ ጠርዝ አንድ ጣት ብቻ ከፍ ብሏል፤ ቢወርድ ይታያል፣ ቢወጣ ድምፁ ይርቃል። «እዚያው ሁን፣ እንዳትንቀሳቀስ» አለ ካሜራማኑ። ወንድሜ ሲለካ የኖረው ይህንኑ አየር ነው፤ ማየት ሳያስፈልገው ያውቀዋል።

እትዬ እንደገና ገቡ። በዚህኛው ደብዳቤውን አንብበው ሲጨርሱ ሳቁ፤ ልጁ የላከው ክፉ ወሬ ሆኖ ሳለ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ የተነፈሱት ትንፋሽ ሳይቀር ተቀዳ። ዳይሬክተሩ «ይሄ ነው» አለ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። እኔ ደብተሬ ላይ «ሁለተኛ ቀረጻ፤ ፎከስ ጥሩ፤ ድምፅ በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ።

ከሰባት ወር በኋላ ፊልሙ ሲኒማ ቤት ታየ። አልቆ ስሞች መውጣት ሲጀምሩ ሰዉ ቦርሳውን ፈልጎ ተነሳ፤ በጉልበታችን ላይ ተረማመደ።

«ጀመረ?» አለኝ ወንድሜ።

«ጀመረ።»

«አንብቢልኝ።»

ማንበብ ጀመርኩ። ዳይሬክተሩን፣ ፕሮዲውሰሩን፣ ካሜራማኑን። ፎከስ ላይ ስደርስ በክርኔ ጎሰምኩት። «ያውልህ!» በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀደምኩት፤ ምነው ባልቀደምኩት አልኩ በሆዴ። ድምፅ ላይ ስንደርስ እንደገና ጎሰምኩት።

«ሁለት ቦታ ነው የጻፉኝ?»

«ሁለት ቦታ።»

አንገቱን ደፋ። እኔም እሱን እያየሁ ለአፍታ ማንበቤን ተውኩ፤ ስሞቹ ግን አይጠብቁም። ሳልጨርሳቸው ወጥተው አለቁ። ሸራው ነጭ ሆነ፣ የአዳራሹ መብራት በራ፣ አንዲት ሴት መጥረጊያ ይዛ ከበሩ ጥግ ቆመችልን።

«አለቀ እንዴ?» አለ ወንድሜ።

«ኧረ ገና ነው። አናጺዎቹና ሾፌሮቹ ቀርተዋል።»

«በይ ቀጥዪ።»

ባዶውን ሸራ እያየሁ በቃሌ ቀጠልኩለት፣ አንድ ሳላስቀር።